ያልታጠበ እሳት

ናቭሳሪ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደልቃል።
የአያቴ የኬርሳስፕ ዓይን ሞራ ለብሷል፤
ፊደልን ከዝንብ አይለይም፤ ቀንና ሌትን ግን ይለያል።
ስለዚህ እኔ አነባለሁ፤ እሱ ወንበሩ ላይ ይሰማል።

ያመጣሁት መጽሐፍ ውፍረቱ ጡብ ያህላል፤
ከሙምባይ ስመጣ፣ ባቡር ላይ፣ መውረጃዬን አስረስቶኛል።
ዘንዶ አለበት፣ ጨው የበላው ከተማ፣ ዘውዷን ወለድ አገድ ያስያዘች ንግሥት።
የባሕር ደናግሉ መቁጠሪያ የሲስተር ፍሎሪና ነው፤ አውቀዋለሁ፣ የትምህርት ቤቴ፤
ጉንዳን እንዳይረግጥ መንገድ የሚጠርገው መነኩሴም
የጄይን ነው፤ በበጋ ያልፋል በቤቴ።
ይህን ሁሉ እየሳቅሁ አነበብሁ፤ የሰው ነውና።
ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ግን የእሳት ካህናት መጡና
ድምፄ ሰለለ፤ ገጽ ልዘል ቃጣኝ ነበር።
ጣቱን አነሣ፦ «ፒሮጃ፣ ሁለት ቅጠል ነው የገለጥሽው፤ ተመለሽ ወደ ነገር።»

ተመለስሁ፦
ነጭ ለብሰው ይመጣሉ፤ አፋቸውን በነጭ ጨርቅ ይሸፍናሉ፣
ፊታቸው እንዳይታወቅ፤ በጨለማ ልጅ ይሰርቃሉ፤
እሳታቸው ይርበዋል፤ በስም እየጠራ ያለቅሳል፤
ሲነጋ አሽከራቸው ከአመዱ ውስጥ ጥርስ ይለቅማል።

ዝም አልሁ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።
አያቴ ግን ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ።
«ጨርቁንስ አይቶታል» አለ፤ «ከፎቶ ይሁን ከመንገድ፣ ሲያልፍ ሲያገድም፣
ጨርቁን አይቷል ሰውየው፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቀም።
እኛ አፋችንን የምንሸፍነው ትንፋሻችን እሳቱን እንዳያሳድፍ፤
እሱ ግን የሽፍታ ጭምብል አደረገው። ይሁን፤ ይለፍ።»

«ይሁን?» ነደደኝ። «ሰረቀን እኮ፤ ያውም አጠልሽቶ!»
ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ወደ ድምፄ ዞረ፣ አንገቱን አቅንቶ፦

«የኛስ እሳት ከየት የመጣ መሰለሽ? በሐር ተጠቅልሎ ከሰማይ?
አባቶች ከአሥራ ስድስት ቦታ ለቅመውት ነው፤ ከዚህም ከዚያም ላይ፤
ከአንጥረኛ ወናፍ፣ ከሸክላ ሠሪ ምድጃ፣
ከዳቦ ጋጋሪ፣ ከጠማቂ፣ ከወታደር ማረፊያ፣
መብረቅ ከሰነጠቀው ዛፍ፣
አዎን፣ ሬሳ ከሚነድበት ክምር እንኳ፣ ከወንዙ አፋፍ።
ሁሉም የሰው እሳት ነበር።
አወሳሰዱን ግን ልንገርሽ፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ነው እንጂ መች በመበደር፦
ቀዳዳ ባለው ጭልፋ የሰንደል ስንጣሪ ይዘው
ከነበልባሉ በላይ ያንዣብባሉ፤ ሳያስነኩት፣ እጃቸውን አርቀው፤
በወላፈኑ ብቻ እስኪቀጣጠል ድረስ።
ከዚያ በላይ ሌላ ጭልፋ፤ ከዚያም ሌላ፤ ወር በወር ላይ ሲመለስ፤
የሸክላው ጭቃ፣ የወታደሩ እርግማን፣ የሬሳው ጠረን
ከታች እስኪቀር፤ እስኪጠራ ብርሃን።
መውሰዱ አይደለም የሰውየው ጥፋት፤
ሳያጥብ ዘገነ፣ በባዶ እጁ፣ ያን እሳት።»

መልስ አጣሁ።
ዝናቡ ጋብ ብሎ፣ ከአሸንዳው ውኃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ።

«ይልቅስ መጽሐፍሽን ጠይቂልኝ፤ ያን እሳት እንጨት የሚያበላው ማን ነው?
በቀን ስንቴ ነው?»
አገላበጥሁ። ደም አለ፤ ጩኸት አለ፤ የልጅ ጫማ አለ፤
ስምንት መቶ ገጽ ሙሉ አንድ ፍልጥ የለ።
ነገርሁት።
«ታዲያ ቢርበው ምን ይፈረድበት?»

እኩለ ሌሊት ሲሆን ተነሣ።
ወጣት ካህን ጠፍቶ፣ የሌሊቱ ተራ ዛሬም የሱ ነው።
ታጠበ፤ ነጩን ለበሰ፤
ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ
ከሰንደሉ ሣጥን ደረሰ።
በጣቱ ቆጠረ፤ የሁልጊዜውን ያህል ወሰደ፤
ደጃፍ ደርሶ ቆመ። ተመለሰና አንዲት ጨምሮ ሄደ።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ደወሉ በጨለማው ውስጥ መጣ።
መጽሐፉን ወደ መብራቱ አስጠጋሁ፤
ምዕራፍ ዘጠኝን ከመጀመሪያው ላነብ
አፌን በሻሼ ጫፍ ሸፈንሁ።